ትምህርት ቤት ሲዘጋ ትምህርቱ እንዳይዘጋ

(በቢስቲማ ለመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር)



የማሽላ ጥበቃውን፣ ከብቱን፣ የጓዳውን ሥራ አቆይታችሁ ስለ መጣችሁ እናመሰግናለን። ዛሬ ፊደል አናስቆጥራችሁም። ፊደሉን ለይታችኋል። ስማችሁን ትጽፋላችሁ። ይህንም ጽሑፍ ቀስ እያላችሁ ታነቡታላችሁ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ልጆቻችሁ ትምህርት ነው። ይኸውም ትምህርት ቤቱ በአንድ ምክንያት ቢዘጋ ልጁ ቤቱ ሆኖ እንዴት ይማራል? መምህሩ ምን ያደርጋል? እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ? የሚለው ነው።

ባለፈው ሳምንት ይህን ርእስ ስንናገር አንድ አባት፣ «እኔ ራሴ ገና ከሀ እስከ ፐ በቅጡ ሳልዘልቅ የልጅ መምህር ልታደርጉኝ ነው እንዴ?» ብለው አሳቁን። ጥያቄያቸው ግን የሚሳቅበት አይደለም። ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ትምህርት ቤት ይዘጋል ወይ? አዎን፣ ይዘጋል። ክረምት ሲገባ ይዘጋል፤ ይህን ሁላችንም የምናውቀው ነው። ሳይታሰብ የሚዘጋበትም ጊዜ አለ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ መገኘቱ ተነገረ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ መንግሥት አዘዘ። ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ተቀመጠ። ይህ የሆነው እኛ ዘንድ ብቻ አልነበረም። በዚያ ሰሞን በዓለም ላይ ከአንድ ቢሊዮን ተኩል በላይ ተማሪ ከትምህርት ገበታው ተለይቶ ነበር። የሀብታሙም አገር ልጅ፣ የድኻውም አገር ልጅ እኩል ቤት ዋለ። እኩል ተማረ ማለት ግን አይደለም።

ያን ጊዜ እኛ ዛሬ እናንተ ፊት እንደቆምነው ዘማቾች አልነበርንም። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን። መምህራችን ገብተው፣ «ለሁለት ሳምንት ነው፤ ወደየቤታችሁ ሂዱ» አሉን። እኛም የእረፍት ያህል ቆጥረነው እየጮኽን ወጣን። መጽሐፋችንን እንኳ ያልያዝን ነበርን። ለሁለት ሳምንት ምን ያደርግልናል? ሁለት ሳምንት የተባለው ሰባት ወር ሆነ። ትምህርት ቤቶች ደረጃ በደረጃ መከፈት የጀመሩት በጥቅምት 2013 ነው።

ስንመለስ ክፍሉ ሰፍቶ አገኘነው። ከፊታችን ባለው ዴስክ ሦስት ሴት ልጆች ይቀመጡ ነበር። የተመለሰችው አንዷ ብቻ ናት። አንደኛዋ ተድራ ነበር። ሌላዋ የአፋርን በረሃ አቋርጣ ወደ ዓረብ አገር መሄዷን ሰማን። ከወንዶቹም ከብት ላይ የቀረ ነበር፤ ኮምቦልቻ ወርዶ የቀን ሥራ የገባም ነበር። በሽታው ከእነዚህ ልጆች አንዱንም አልነካም። የነካቸው የተዘጋው በር ነው።

ያቺ የተመለሰችው ልጅ ዛሬ ከመካከላችን ናት። እዚያ ጥግ ተቀምጣለች፤ ስሟን አትንገሩብኝ ስላለች አንናገርም። ታሪኳን ግን እንድንነግራችሁ ፈቅዳለች። እናቷ ፊደል አያውቁም ነበር። ታላቅ ወንድሟ የተወው አንድ አሮጌ የአማርኛ መጽሐፍ ግን ቤት ውስጥ ነበር። እናቷ በየማታው ቡና ሲያፈሉ፣ «አምጪ እስቲ፣ እሱን ነገር አንብቢልኝ» ይሏት ነበር። አቦሉ ወርዶ ቶናው እስኪደርስ ታነባለች። ጎረቤትም ቡና ሊጠጣ ሲመጣ ስታነብ ያገኛታል። ከዕለታት አንድ ቀን ለጋብቻ ጠያቂዎች ወደ ቤቱ መጡ። እናትዬዋ፣ «ልጄ ትምህርት ላይ ናት» ብለው መለሱ። ሽማግሌዎቹም፣ «የምን ትምህርት? ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ የለም ወይ?» አሉ። እናትዬዋ፣ «የመንግሥቱ ተዘግቶ ይሆናል። የኔ ቤቱ አልተዘጋም። ጎረቤቱን ጠይቁ!» አሉ። ጎረቤትም መሰከረ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ልጅቱ በእነዚያ ሰባት ወራት ብዙ አዲስ ትምህርት አልተማረችም። ያንኑ መጽሐፍ ነው መላልሳ ያነበበችው። ሒሳቡ ጠፍቶባት ስለ ነበር በኋላ ተቸግራለች። ግን ተማሪ ሆና ቆየች። ቤተሰቡ ተማሪ አላት፤ መንደሩም ተማሪ አላት። በሩ ሲከፈት የምትመለስበት ስም ነበራት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ መምህርና ወላጅ ከሁሉ አስቀድመው ሊያደርጉት የሚገባው ይኸው ይመስለናል። ልጁ እንግሊዝኛውን በሙሉ፣ ሳይንሱን በሙሉ ቤቱ ይማራል ብለን አናታልላችሁም። ልጁ ተማሪነቱን እንዳይረሳ፣ ቤተሰቡም እንዳይረሳበት ማድረግ ግን ይቻላል።

በሌላ አገርም ይህ ታይቷል። በምዕራብ አፍሪካ ሴራሊዮን የምትባል አገር አለች። በ2006 ዓ.ም. ኢቦላ የሚባል ክፉ በሽታ ገባባት። ትምህርት ቤቶቿ ተዘግተው እስከ ሚያዝያ 2007 ቆዩ። መንግሥቱ ትምህርቱን በራዲዮ አስተላለፈ፤ መልካም አደረገ። ነገር ግን በዚያ ጊዜ ብዙ ልጃገረዶች አረገዙ። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ደግሞ ማርገዟ የታየባት ልጅ ከሌሎቹ ጋር ክፍል እንዳትገባ ተከለከለች። ክልከላው የተነሣው እኛ አገር ትምህርት ቤት በተዘጋበት በዚያው በመጋቢት 2012 ነው። አምስት ዓመት ገደማ መሆኑ ነው! አምስት ዓመት ለአንዲት ልጃገረድ ምን ያህል እንደ ሆነ እናቶች ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ራዲዮው እንምጣ። በ2012 በአገራችንም የአንደኛ ደረጃው ትምህርት በራዲዮ፣ የሁለተኛ ደረጃው በቴሌቪዥን እንዲተላለፍ ተደረገ። ትልቅ ስልክ ያለው ደግሞ በቴሌግራም የሚላክለትን ጽሑፍ ያነብ ነበር። ትልቅ ስልክ ያለው ማን ነው? እሱን እናንተው መልሱት። ራዲዮም ቢሆን በየቤቱ የለም። በ2008 በአገሪቱ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ራዲዮ ያለው ቤት ከሦስት አንድ አይሞላም ነበር። ያለውም ቢሆን ባትሪ ድንጋይ ሲያልቅበት ሳጥን ነው።

ራዲዮ ጥሩ መምህር ነው። ድምፁ ይሰማል፤ አይደክምም፤ አይቆጣም። አንድ ጉድለት አለበት፤ እሱ እናንተን አይሰማም። ልጁ «አልገባኝም» ቢለው ትቶት ይሄዳል። ልጁ ፍየል ሊመልስ ቢወጣ ቆሞ አይጠብቀውም። ስለዚህ ራዲዮ ያለው ሰው ከጎረቤት ሦስት አራት ልጅ ሰብስቦ አብረው ያዳምጡ። አንደኛው የሰማውን ቃል ይጻፍ። ያልገባቸውንም ይጻፉና ለመምህሩ ይስጡ። ባትሪ ድንጋዩንም ቤቶቹ ተዋጥተው ይግዙት። አንድ ሰው ብቻውን ሲገዛ ዘፈኑንና ወሬውን ያዳምጥበትና ለትምህርቱ ሰዓት ያልቃል፤ ይህን የምንናገረው ከራሳችን ቤት አይተን ነው።

ከኮሮናው በኋላም በሩ ክፍት ሆኖ አልቆየም። ጦርነቱ በጥቅምት 2014 መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ በዚህ በወሎ ምን እንደ ሆነ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁና አናወራላችሁም። በአማራ ክልል ከሺህ በላይ ትምህርት ቤት ተጎዳ። ወንበሩ ተሰበረ፤ መጽሐፉ ተቃጠለ። ከ2015 ክረምት ወዲህም በክልሉ ውስጥ በግጭቱ ምክንያት በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል። አንዳንድ ልጅ በሰባት ዓመቱ መግባት ሲገባው በአሥር ዓመቱም አልገባም። እንግዲህ መዘጋት አንድ ጊዜ መጥቶ የሚያልፍ እንግዳ ነው ብለን የምንተወው ነገር አይደለም።

እስቲ ደግሞ የራሳችሁን አገር ልማድ እናስታውሳችሁ። በዚህ በወሎ ደረሳ ትምህርቱን ፍለጋ ከሼህ ወደ ሼህ በእግሩ ይሄድ ነበር። ሉሁን በብብቱ ይይዛል። በሉሁ ላይ ይጽፋል፤ ሲሸመድደው ያጥበዋል፤ ደግሞ ይጽፋል። ትምህርቱ ከሉሁ ጋር ይሄዳል እንጂ ከግድግዳው ጋር አይቀርም። የቆሎ ተማሪም ከደብር ደብር እየዞረ፣ እየለመነ ተምሯል። ደረሳው በየመንገዱ ቢሆንም የሚያርመው ሼህ ነበረው። የቆሎ ተማሪውም ቀለሙን የሚሰማለት የኔታ ነበረው። ያለ አራሚ የሚማር የለም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ ልጁ የሚጽፍበት ነገርና የጻፈውን የሚያይለት ሰው።

ይህን ይዘን ባለፈው ክረምት ከአንድ ትምህርት ቤት መምህራን ጋር ሥራ ጀመርን። ክረምቱ መዝጊያ ነውና ለመሞከሪያ ይሆናል አልን። መልመጃ ወረቀት አዘጋጅተን፣ አባዝተን፣ በልጆቹ እጅ ወደየቤቱ ላክን። ከላክነው ግማሹ እንኳ አልተመለሰም። በሳምንቱ ገበያ ውስጥ ስንዞር አንዲት እናት በርበሬ በወረቀት ጠቅልለው ሲሸጡ አየን። ጠጋ ብለን ብናየው የማባዛት መልመጃችን ነው! «3 በ4 ሲባዛ ስንት ነው?» ይላል፤ ላዩ ላይ በርበሬ። ከመካከላችን አንዱ ተናደደ። እናትዬዋ ግን ምን አጠፉ? ወረቀቱ ምን እንደ ሆነ የነገራቸው የለም። ይመለስ፣ የት ይመለስ፣ መቼ ይመለስ፣ ያለ የለም። ደግሞ አራት ገጽ ነበር፤ ጽሑፉም ደቃቃ። ከውስጡም አንደኛው ጥያቄ ስለ ባቡር ነበር። ባቡር ያላየን ልጅ የባቡር ሰዓት አስልቶ እንዲነግረን ጠየቅነው። ጥፋቱ የእኛ ነው።

መምህራኑ ከእኛ ይሻላሉና መከሩን። ወረቀቱ አንድ ገጽ ብቻ ሆነ። ፊደሉ ጎላ አለ። መምህራኑ ተከፋፍለው ለእያንዳንዱ ጎጥ አንድ መምህር ተመደበ። መመለሻውም ወፍጮ ቤት ሆነ፤ ምክንያቱም ገበያ የማይሄድ ቤት ይኖራል፣ ወፍጮ የማይሄድ ቤት ግን የለም። በወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሳጥን አኖርን። እህል ለማስፈጨት የመጣ ሰው የልጁን ወረቀት ይከታል። መምህሩ ወስዶ ያርምና በሚቀጥለው ሳምንት ይመልሳል።

ወረቀቱ ይህን ይመስላል፦

«ፋጡማ 12 እንቁላል ይዛ ቢስቲማ ገበያ ሄደች። በመንገድ 3 ተሰበሩባት። ስንት ቀራት?
ቤታችሁ ካሉት ዕቃዎች ስማቸው በ‹መ› የሚጀምር አምስት ጻፍ።
ከአያትህ ወይም ከአያትሽ አንድ ተረት ጠይቁና በአምስት መስመር ጻፉ።»

አንድ ልጅ ለእንቁላሉ ጥያቄ «12» ብሎ መለሰ። ከሥሩም «እናቴ በጭድ ስለምትይዝ አይሰበርም» ብሎ ጻፈ። ይታረም ወይስ አይታረም ብለን ስንከራከር አመሸን። መምህሩ በመጨረሻ «9 ነው፤ እናትህን ግን አመስግንልኝ» ብለው ጽፈው መለሱለት።

ከወረቀቱ ግርጌ ሁለት መስመር ለወላጅ የተጻፈ አለ። ይህን ያመጣነው ስለ እናንተ ብለን ነው። «ልጅዎ በደንብ ሠርቷል። ‹ጸ›ን እና ‹ፀ›ን ያደባልቃል፤ ያለማምዱት» ይላል። መምህሩ ለወላጅ ሲጽፍ ወላጁ አንብቦ መረዳት ቻለ ማለት ነው። ይህ ከዚህ በፊት አልነበረም። መልእክቱን ልጁ ራሱ ነበር ለወላጁ የሚያነብለት፤ ልጁ ደግሞ የሚነቅፈውን መስመር ዘሎ የሚያመሰግነውን ብቻ ያነብ ነበር! እኛም አድርገነዋል።

አንዲት እናት ደግሞ መልስ ጻፉ። በሳጥኑ ውስጥ ባዶ መልመጃ አገኘን። በጀርባው በእርሳስ፣ በትልልቅ ፊደል፣ «ልጀ አሞታል። ሰኞ ይሰራል» ይላል። እኚህ እናት ፊደል ከቆጠሩ ዓመት አልሞላቸውም። በሕይወታቸው የጻፉት የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። ልጁም ሰኞ ሠርቶ ላከ። መምህሩ ያቺን ወረቀት እስካሁን በኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ።

እንግዲህ ወደዚያ አባት ጥያቄ እንመለስ። «ገና ሳልዘልቅ የልጅ መምህር ልታደርጉኝ ነው ወይ?» አይደለም። መምህሩ ሥራውን ለእናንተ ጥሎ አይሄድም። እናንተ አዳማጮች ናችሁ። ልጁ ያንብብ፤ እናንተ በጣታችሁ ተከተሉት። ከቃሉ ላይ ቢደናቀፍ አትቆጡት፤ ከሥሩ መስመር ያስምር። እናንተም ካላወቃችሁት «አላውቀውም» በሉ፤ ነውር አይደለም። የተሰመረበትን መምህሩ ያየዋል። ለዚህ የሚበቃው ጊዜ ከአቦል እስከ ቶና ያለው ነው። ከዚያ በላይ ካስቀመጣችሁት ልጁም ይሰለቻል፣ እናንተም ትሰለቻላችሁ።

ሴቷን ልጅ በሚመለከት ግን አንድ ነገር በጥብቅ እንለምናለን። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የወንዱ ሥራ ሜዳ ላይ ነው፤ ሲመሽ ያበቃል። የሷ ሥራ አያበቃም። ውኃው፣ እንጨቱ፣ ሕፃኑ፣ ሊጡ። ማታ ወረቀቱን ስትይዝ እንቅልፍ ይጥላታል። ስለዚህ ለሷ የቀን ሰዓት ይሰጣት። ወንድሟ አንድ ቀን ውኃ ቢቀዳ ምን ይሆናል? አንድ ጎረምሳ «ሰው ይስቅብኛል» አለን። ይሳቅበት።

ደግሞም ይህ ለእናንተም ይጠቅማችኋል። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በአገራችን ትልቁ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀምሮ ነበር። በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ተሰጠ፤ ሚሊዮኖች ፊደል ለዩ። ከእነሱ ውስጥ የሚያነቡት ነገር በማጣት መልሰው የረሱ ጥቂቶች አይደሉም። በዚያ ዘመን ተምረው የምስክር ወረቀቱን በሣጥን አስቀምጠው፣ ዛሬ ግን ምን እንደሚል ማንበብ የተሳናቸው አዛውንት በዚሁ ክፍል ውስጥ እንደ አዲስ የጀመሩ አሉ። የልጃችሁ መልመጃ ለእናንተ በየሳምንቱ ቤታችሁ ድረስ የሚመጣ ንባብ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ጠይቁ። የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ሲጠራችሁ አትቅሩ። ተነሥታችሁ፣ «ትምህርት ቤቱ የሚዘጋ ከሆነ መጽሐፉ ግምጃ ቤት እንዳይቆለፍበት፤ ለልጁ ይሰጠው» በሉ። መጽሐፍ ይጠፋል፣ ይቀደዳል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ አንዳንዱ ይቀደዳል። ግምጃ ቤት የተቆለፈበት መጽሐፍ ግን በ2012 ለእኛ ምን ጠቀመን? በጦርነቱስ ጊዜ የተቃጠለው የት ያለው ነው? ቤት የነበረው ነው የተረፈው።

ጥያቄ እንቀበል ብለን ነበር፤ ጊዜው መሸ። ከምሳ በፊት የጠየቃችሁንን ብቻ እንመልስ። «ልጄ ከእኔ ፈጥኖ ያነባል፤ አፍራለሁ» ላሉት እናት፦ ልጁ ይኮራ፤ እርስዎም በልጅዎ ይኩሩ፤ ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው የሚያስተውለውን ፈጥኖ የሚያነብ ይዘለዋል። «እኔ ቤት ራዲዮም መብራትም የለም» ላሉት አባት፦ ወረቀቱ መብራት አይፈልግም፤ ከፍየል መልስ በፊት ደጃፍ ላይ ይሠራል። «ወረቀቱስ ሲያልቅ?» ላለችው እኅት፦ ከሰል አለ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። እኛም በ2012 በር ላይ በከሰል ጽፈን ተቆጥተውናል።

የሳምንቱ ወረቀት እዚያ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። እያንዳንዱ ሰው በልጁ ቁጥር ይውሰድ። ልጅ የሌለውም ለራሱ ይውሰድ፤ የእንቁላሉን ጥያቄ ቀይረነዋል። ሳጥኑ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ነው፤ መምህሩ ቅዳሜ ጠዋት ይወስዱታል። እርሳስ የሌለው ይጠይቀን፤ ጥቂት ይዘናል።